የነፍሰ ጡር መብል በየልኳ ይሁን

ነፍሰ ጡር ሴት ስለ ሁለት ነፍስ ትብላ የሚለው ልማድ ከአያቶቻችን የተቀበልነው ነው። ይህም ልማድ በችግርና በድካም ዘመን ብዙ እናቶችን የረዳ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ኑሮ ሲለወጥ መብልም በልክ መመርመር ይገባዋል።

በአዲሱ ገበያ በማለዳ የሚያልፍ ሰው ሁለት ዓይነት ነፍሰ ጡሮችን ይመለከታል። አንዲቱ ሸክም ተሸክማ የምትውል፥ ቀጭንና ደም ያነሳት ናት። ሁለተኛይቱ ከንጋት እስከ ምሽት በሱቋ ተቀምጣ የምትሸጥ፥ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ የማይለያት፥ ወፍራም ሴት ናት። ለሁለቱም «አብዝተሽ ብዪ» ማለት ለሁለት ልዩ ልዩ በሽታ አንድ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

ይህ ነገር ግምት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች ከመቶው 22 ከልክ በታች ቀጭኖች፥ ከመቶው 8 ደግሞ ከልክ በላይ ወፍራሞች ሆነው ተገኝተዋል። የወፍራሞቹ ቍጥር በ1992 ዓ.ም. ከመቶው 3 ብቻ ነበረ። በገጠር ከመቶው 4 ሲሆን በከተማ 21 ደርሷል።

ውፍረት የድሎት ምልክት መስሎ ቢታይም፥ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ያቀርባል፤ ሕፃኑን ከልክ በላይ ያገዝፋል፤ በቀዶ ጥገና መውለድንም ያበዛል።

ልኩ የሚታወቀው ከእርግዝና በፊት የነበረው ክብደት በቁመት ካሬ ሲካፈል ነው። ቁመቷ 1.60 ሜትር፥ ክብደቷ 77 ኪሎ የሆነች ሴት 30 ታመጣለች፤ በዚያው ቁመት 45 ኪሎ የምትመዝን ግን 18 አትሞላም። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ፊተኛይቱ እስከምትወልድ ከ5 እስከ 9 ኪሎ፥ ሁለተኛይቱ ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ ልትጨምር ይገባል። እንግዲህ ቁመት ሳይለካ ክብደት ብቻ ቢጻፍ ሚዛኑ ምን ይናገራል?

ወፍራሚቱም ብትሆን ለመክሳት ብላ ልትራብ አይገባትም፤ ፅንሱ ይጎዳልና። ስኳሩንና ለስላሳውን ትተው፤ ዘይቱንና ቅቤውን ትቀንስ፤ ምስሩን፥ ሽሮውን፥ ጎመኑን፥ እንቍላሉን ግን አታጕድል። ስለ ጾምም ከሐኪሟና ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር።

ምክር ሁሉን ይፈውሳል አንልም። በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር 1,555 ወፍራም ነፍሰ ጡሮች በተመረመሩበት ጥናት፥ ምክሩ የክብደትን ጭማሪ ጥቂት ቢገታም የስኳርን በሽታ አልቀነሰም። በ2016 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ በተገለጠው ጥናት ግን ለእያንዳንዷ ለብቻዋ ከተመከሩት ከመቶው 13.9፥ ካልተመከሩት 21.6 በስኳር ታመዋል። ስለዚህ ምክሩ ቀድሞ ይጀመር፤ በየሴቲቱም ኑሮ ይመዘን።

በዚሁ በጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ለሕዝቡ ሁሉ የምግብ መመሪያ አውጥቷል። የቀረው መመሪያውን በእያንዳንዷ ልክ መቍረጥ ነው። ጤና ጣቢያዎች በመጀመሪያው ቀን ቁመትንም ክብደትንም ይለኩ፤ ምን እንደምትበላ፥ በምን ሥራ እንደምትውል፥ ምን ለመግዛት እንደምትችል ይጠይቁ። ባሎችና አማቶችም «ብዪ» ከማለት በፊት «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ይበሉ። ልብስ በልክ ይሰፋል፤ ሁለት ነፍስ የሚጠበቅበት መብልማ እንዴት ያለ ልክ ይሆናል?