ፊደልዎ ወዴት ጠፋ?

የሥራ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ በመሥሪያ ቤትዎ አሳምረው የጻፉት ማመልከቻ ቡራዩ ካለ የፎቶ ኮፒ ቤት የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጥቶብዎ ያውቃል? ባለሱቁን አይቆጡ። አብዛኛው ማተሚያ የግዕዝን ፊደል በሆዱ አልያዘም፤ መልኩን፣ ማለት ፎንቱን፣ የሚልክለት ኮምፒውተሩ ነው። እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉት የቀድሞ ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲኑ ቁጥሮች ላይ ደርበው ስለ ነበር፣ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር የሚያውቀውን ላቲን ይተካበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ለፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠ፤ «ሀ» 4608 ሆነች። ዛሬም ቢሆን ታዲያ ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፎንት ከሌለው ባዶ ሣጥን ይደረድራል። ማመልከቻዎን ፎንቱን አብሮ እንዲይዝ አድርገው በፒዲኤፍ ያስቀምጡና ይሂዱ።