ዓይኑ ዐ ለምን ዓይን ተባለ?

አንባቢዎቻችን! ፊደል ስትቆጥሩ ሁለት «አ» አግኝታችኋል። አንዱ አልፋው አ ነው። ሌላው ዓይኑ ዐ ነው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ታዲያ ሁለት መሆናቸው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ግራ የሚገባው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱም «እኔ ትምህርት አይገባኝም» ብሎ ደብተሩን አጥፎ ይቀመጣል። ቆዩ እንጂ! ነገሩ እንዲህ ነው።

እስቲ ዐን አተኩራችሁ እዩት። ክብ ነው። ዓይን አይመስልም ወይ? ዓይን ነው እኮ! ከ3,500 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ይኸን ድምፅ ለመጻፍ ዓይን ይስሉ ነበር። በቋንቋቸው የዓይን መጠሪያ በዚሁ ድምፅ ይጀምር ነበርና። እየቆየ ሥዕሉ ቀለለ፤ ክቡ ብቻ ቀረ። በትግራይ፣ የሓ በተባለው ቦታ፣ ከ2,500 ዓመት በላይ የሆናቸው ጽሑፍ ያለባቸው ድንጋዮች አሉ። በዚያ ዘመን ጽሕፈት ይህ ፊደል ሙሉ ክብ ነው።

ድምፁም ዱሮ የተለየ ነበር። ከጉሮሮ ታንቆ ይወጣል። ትግርኛ የሚናገር ጎረቤት ካላችሁ «እስቲ ዓይኒ በሉልን» በሏቸው፤ ትሰሙታላችሁ። አማርኛ ድምፁን ጣለው፤ ሥዕሉን ግን አስቀረው።

ቃሉስ? ቃሉ ዘመደ ብዙ ነው። የሚያፍረው ሰው ዓይናፋር፣ የማያፍረው ዓይን አውጣ ይባላል። ሲመሽ፣ ሰውና ጉቶ አልለይ ሲል፣ «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» እንላለን። ሰገራን እንኳ ጨዋ ሰው ስሙን ላለመጥራት ዓይነ ምድር ይለዋል።

ከሁሉ የሚከብደው መሐላው ነው። በሬ ጠፍቶ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁም!» ይላል። ግንባር ከፊት ላይ አለ፤ ግን አያይም። ሰውየው «ዋሽቼ እንደሆነ የዓይኔ ቦታ ባዶ ቆዳ ይሁን» ብሎ በራሱ ላይ ፈረደ ማለት ነው። እንደ ዋዛ የሚወጣ ቃል አይደለም።

ፊደል ያልቆጠረን ሰው «ዕውር» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ከብቱን ከሩቅ በመልኩ የሚለይ፣ ደመናውን አይቶ ዘር የሚያነሳ ገበሬ እንዴት ዕውር ይባላል?

«አይን» ብላችሁ ብትጽፉም ይነበባል። ብዙ የተማረ ሰውም እንዲያው ይጽፋል፤ አትፈሩ። እኛ ግን «ዓይን»ን እንመርጣለን፤ ሥዕሉ አብሮት አለና። ዐ ከሥሩ እግር ሲቀጠልለት ዓ ይሆናል።

ለዚህ ሳምንት በደብተራችሁ ጻፉ፦ ዓይን፣ ዓይናፋር፣ ዓይን አውጣ። ክቧን አደራ!