ስለ ኢሜይል ማጣሪያ ለጀማሪዎች የተሰጠ ማብራሪያ

በማናቸውም መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ገቢውን ደብዳቤ እየለየ ለየክፍሉ ያደርሳል። እርሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ባለጉዳዩ ይጉላላል። ለኢሜይል ይህንኑ ተግባር የሚፈጽመው ማጣሪያ የሚባለው ፕሮግራም ነውና አመራረጡንና አለማመዱን ማወቅ ይገባል።

ማጣሪያዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ባለቤቱ የጻፈለትን ደንብ ብቻ ይከተላል። በ1990 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፕሮክሜይልና በ2001 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት ሲቭ የተባለው የደንብ መጻፊያ ቋንቋ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ሁለተኛው ወገን ጤናማውንና አይፈለጌውን መልእክት ከምሳሌ እያየ ይማራል። ስፓምአሳሲን የተባለው ፕሮግራም ሁለቱንም መንገድ ያጣምራል፤ ሆኖም የመማሪያው ክፍል በተለመደው አቀማመጡ ከየወገኑ 200 መልእክት ሳይቀርብለት ፍርድ አይሰጥም።

ታዲያ ጀማሪ የትኛውን ይምረጥ ቢባል፣ ደብዳቤው የሚቀመጥበት ሰርቨር የሚፈቅድ ከሆነ ሲቭ ይሻላል። ሥራውን የሚፈጽመው በሰርቨሩ ላይ ስለ ሆነ የእርስዎ ኮምፒዩተር ቢዘጋም አያቋርጥም። ደንብ ያልነካው ደብዳቤም ወደ ገቢ ሣጥን ይገባል እንጂ አይጠፋም። ፕሮክሜይል ግን ሌሎች ፕሮግራሞችን እስከ ማስነሣት ሥልጣን ያለው ሲሆን፣ አጻጻፉ ለጀማሪ ይከብዳል። ሰርቨሩ ሲቭን የማይፈቅድ እንደ ሆነ በተንደርበርድ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ይበቃል፤ ይህ ግን የሚሠራው ፕሮግራሙ ተከፍቶ ሳለ ብቻ ነው።

ትምህርቱን በአንድ ደንብ ይጀምሩ። ለምሳሌ ከማኅበርዎ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ለብቻው በተዘጋጀ ማኅደር እንዲገባ ይዘዙ። መሥራቱንም ማኅደሩን ከፍተው ካረጋገጡ በኋላ ሁለተኛውን ይጻፉ። ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች ስለሚፈጸሙ ቅደም ተከተላቸውን ያስተውሉ። በአንዲት ቃል ብቻም አይፍረዱ፤ «ሽልማት» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ የሚያግድ ደንብ አጭበርባሪውን ሲይዝ፣ ስለ እርስዎ ሽልማት ከሠራተኛ አስተዳደር የተጻፈውንም አብሮ ይይዘዋል።

ከሁሉ በላይ ማጣሪያውን «ደምስስ» ብለው አይዘዙት። አጠራጣሪውን ሁሉ በአንድ ማኅደር አስቀምጦ በየሳምንቱ መመልከት ይበቃል። መቶ ከንቱ ማስታወቂያ ቢደርስዎ የሚባክነው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አንዲት የፈተና ጥሪ ብትጠፋ ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመልሳት የለም።