ለአስር ሴኮንድ ብዬ…

«ለአስር ሴኮንድ ብለህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የምትሄደው?» አለችኝ እጮኛዬ። እየቀለደች መስሎኝ ቀና ብል የምሯን ነው።

መቼም የሰው አመል ብዙ ነው። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፣ ሌላው የድሮ ሳንቲም። የእኔው ግን ለሰው ሲነግሩት እንኳ ያሳፍራል። እኔ የማሳድደው በቪዲዮ ካሴት ላይ፣ ፊልሙ ሊጀምር ሲል ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን የኩባንያ አርማ ነው። ሎጎውን! ፊልሙን አይደለም።

ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ክረምት ገብቶ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ ለእኛ ቪዲዮ ቤት ማለት ፊልም ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ነበር። አግዳሚ ላይ ተፋፍገን እንቀመጣለን። ካሴቱ ሲገባ ሌላው ልጅ «አሳልፈው! አሳልፈው!» እያለ ይጮሃል። እኔ ሆዬ ያቺ ብልጭታ እንዳታመልጠኝ ዓይኔን አልነቅልም ነበር።

አትሳቁ፤ አርማም ታሪክ አለው። የኤም ጂ ኤም አንበሳ ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታይ ቢሆንም አንድ አንበሳ አይደለም፤ በየዘመኑ ተለዋውጧል። ለረጅም ዘመን ያየነው በ1957 እ.ኤ.አ. የመጣው ነው። የሕንዱ ራጅ ካፑር ድርጅት አር ኬ ፊልምስ አርማውን የወሰደው በ1949 እ.ኤ.አ. ከተሠራው «ባርሳት» ከተባለው ፊልሙ ነው። ሰውዬው በአንድ እጁ ቫዮሊን፣ በሌላው ፍቅረኛውን ይዞ! የሶቪየቱ ሞስፊልም አርማ ላይ ያሉት መዶሻና ማጭድ ያነሱት ወንድና ሴት ደግሞ ለ1937ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽን የተሠራ ሐውልት ናቸው። ለካ በዚያች ብልጭታ ውስጥ አንድ አገር፣ አንድ ዘመን ተጠቅልሎ ኖሯል!

ግን እነዚህ ብርቅ አይደሉም። አንበሳውን የትም ታገኙታላችሁ። ብርቁ ሌላ ነው። እናትና አባታችሁ ሰርግ ላይ የተነሳውን ቪዲዮ እስቲ አስታውሱት። ሙሽሮቹ ከመታየታቸው በፊት ምን ይመጣል? ጽጌረዳ ትፈካለች፣ ሁለት ልቦች ይገጣጠማሉ፣ ከዚያ የቀራጩ ፎቶ ቤት ስም በደማቅ ፊደል ይዞራል፤ ከስሩ ስልክ ቁጥር። ያቺን ጽጌረዳ ሆሊውድ አያውቃትም። ምናልባት ያለችው በአንድ ቤት፣ በአንድ ሳጥን፣ በአንድ ካሴት ላይ ብቻ ነው። የስልክ ቁጥሩ ራሱ ዕድሜ ይናገራል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ የአገራችን ስልክ ወደ 10 አሃዝ ስለተቀየረ፣ አጭር ቁጥር ካያችሁ ሎጎው ከዚያ በፊት የተሠራ ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው።

እንግዲህ እጮኛዬ «እስቲ እብደትህን ልየው» ብላ አብራኝ መጣች። ከማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ካሉት ከተሞች በአንዷ፣ አንዲት እናት ቤት ካሴት አለ ተብለን ነው። እትዬ ጠላ ቀዱልን፣ ቆሎ አቀረቡልን። ካሴቷ በነጠላ ተጠቅልላ ከሳጥን ወጣች። የልጃቸው ሰርግ ነው። ዴካቸው ከተበላሸ ዘመን የለውም፤ ባለቤታቸውም አርፈዋል። «ድምፁን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!» አሉ።

ዴክ ይዤ ነበር። የካሴቷ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ጎድጓዳ በፕላስተር ተሸፍናለች። ይህ ደግሞ ሌላ ነገር የነበረበት ካሴት ላይ ሰርጉ ተደርቦ ሳይቀረጽ እንዳልቀረ ይጠቁማል። በመስኮቷ በኩል ደግሞ ክሩ ላይ ነጭ ነጭ ሻጋታ አየሁ። አይቻለሁ! የጎመጀ ዓይን ግን ምን ይነገረዋል? አስገባሁት።

መጀመሪያ ችቦ የያዘችው የኮሎምቢያ ፒክቸርስ እመቤት ብልጭ አለች። ምስሉ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጽጌረዳዋ ፈካች! የፎቶ ቤቱ ስም፣ አጭሯ ስልክ ቁጥር… የፈለግሁትን አገኘሁ። እዚህ ላይ አቁሜ ክሩን ማጽዳት ነበረብኝ። እትዬ «ይቀጥል ልጄ» አሉ፤ እኔም በደስታ ሰክሬ ቀጠልኩ። አባወራው ብድግ አሉ፣ ሙሽሮቹን ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ፣ «እንግዲህ ልጆቼ…» አሉ። ዴኩ ሲጢጥ አለ። ካሴቱን በላው!

የተጨማደደውን ክር በመቀስ ቆርጬ ቀሪውን በስስ ማጣበቂያ ቀጠልኩት። ምርቃቱ የነበረበት ግማሽ ደቂቃ ሄደ። የእኔው አስር ሴኮንድ ግን አንድም ሳይነካ ተረፈ። እንዲህ ያለ ትርፍ አይስጣችሁ!

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እትዬ ዝም አሉ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዝም። ከዚያ «እኔ እኮ አጠገቡ ነበርኩ፤ ቃሉ አይጠፋኝም» አሉና ተነሱ። እጃቸውን ዘርግተው ከ«ውለዱ፣ ክበዱ» ጀምረው እስከ መጨረሻው ምርቃቱን ራሳቸው አሉት። ስልኳን አውጥታ የቀረጸቻቸው እጮኛዬ ናት፤ የእኔማ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬ እትዬ ልጅ ጋ ባለው ቅጂ ላይ የአባትየው ምርቃት ከተቆረጠበት የእናትየው ድምፅ ይቀጥላል። ይህ ግን ጥፋቴን አይፍቀውም።

እናንተስ? ቤታችሁ ካሴት ካለ ከእኔ ስህተት ተማሩ፦

1. ሻጋታ ያለበትን ካሴት አታጫውቱ። የዴኩንም ራስ ያበላሸዋል፣ ወደ ሌላው ካሴትም ይዛመታል። አቧራው ለሳንባም አይበጅምና አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ያዙት።

2. ከማጫወታችሁ በፊት የዴኩን ራስ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ ንጹሕ አልኮል፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉ። ጥጥ አይሁን። መጀመሪያም የማታዝኑበትን ካሴት አስገብታችሁ ሞክሩት።

3. ለማየት ብቻ አታጫውቱ። ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጠውን መሣሪያ አስቀድማችሁ አገናኙ። የመጀመሪያዋ ማጫወት የመጨረሻዋ ልትሆን ትችላለች።

4. ካሴቱን አቁማችሁ፣ ከኩሽና ጢስና ከክረምት እርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ።

5. እንደ እኔ ሎጎ ፈላጊ ከሆናችሁ፣ የምትፈልጉትን ለባለቤቱ በግልጽ ንገሩ። የተገለበጠውን ቅጂ መጀመሪያ ለእሱ ስጡ፤ የእናንተ አስር ሴኮንድ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ደግሞ ነገ ዛሬ አትበሉ። ቪ ኤች ኤስ ካሴት ለገበያ የቀረበው በ1976 እ.ኤ.አ. ነበር። እስከ መጨረሻው ዴክ ሲያመርት የቆየው የጃፓኑ ፉናይም በ2016 እ.ኤ.አ. አቁሟል። አሁን ያለው ዴክ ሁሉ አሮጌ ነው፤ በየዓመቱ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም።

እጮኛዬስ? አልተወችኝም። ካሴት አለ ሲባል ዛሬም ቀድማኝ ትነሳለች። «ለአስር ሴኮንድ ብለህ?» ማለቱንም ትታዋለች። አሁን የምትጠይቀኝ ሌላ ነው፦ «ሻጋታውን አየህ?»