የአፍ መጉመጥመጫ በትንፋሽ የሚተላለፉ በሽታዎችን ይከላከላል?

በዚህ ጽሑፍ ከእናንተ ደጋግሞ የሚቀርብልንን አንድ ጥያቄ እንመለከታለን። በፋርማሲ የሚሸጠው ጀርም ገዳይ የአፍ መጉመጥመጫ ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮሮና ከሰው ወደ ሰው እንዳይተላለፉ ያደርጋል ወይ?

ጥያቄው የቆየ ነው። ኢትዮጵያና ሱዳን የመጀመሪያውን የኮሮና ሕመምተኛ ይፋ ያደረጉት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 13 ቀን 2020 ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በኤፕሪል ወር ካርቱም ስትዘጋ፣ በዴምና በጀሪፍ የነበርን ሐበሾች ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ማፍላት ያዝን። ገንዘብ ያለው ደግሞ ሰይደሊያ ሄዶ መጉመጥመጫ ገዛ። ሳሙና ሳይገዛ መጉመጥመጫ የገዛም ነበር።

መልሱን ላስቀድም። መጉመጥመጫ በምራቅ ውስጥ ያለውን ቫይረስ ለጥቂት ጊዜ ሊቀንስ ይችላል። በሽታው ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ያደርጋል የሚለው ግን አልተረጋገጠም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የኮሮናና የኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች የስብ ሽፋን አላቸው። ሳሙናና አልኮል ይህን ሽፋን ያፈርሱታል። ቤታዲን ውስጥ ያለው ፖቪዶን አዮዲንም በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ቫይረሱን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይገድለዋል። የሰው አፍ ግን ብልቃጥ አይደለም። ቫይረሱ የሚራባው በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በሳንባ ሕዋሳት ውስጥ ነው። የተጉመጠመጥነው ፈሳሽ አፍንጫችን ውስጥ አይገባም፣ ሳንባችንም አይደርስም። ተፍተነው ብዙም ሳይቆይ አዲስ ምራቅ ይመነጫል፤ ስናስልና ስንናገር ከውስጥ የሚወጣው ትንፋሽም ቫይረሱን ይዞ ይወጣል። የጥርስ ሐኪሞች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሕመምተኛውን የሚያስጉመጠምጡት ለዚያች አጭር ጊዜ ብለው ነው።

ጃፓኖች መጉመጥመጥን ከልጅነታቸው የሚለምዱት በመሆኑ የእነሱን ነገር ማየት ይጠቅማል። በኦገስት 2020 የኦሳካ ገዥ በ41 የኮሮና ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ጠቅሰው ሕዝቡ በፖቪዶን አዮዲን እንዲጉመጠመጥ መከሩ። ወዲያው የፋርማሲ መደርደሪያዎች ባዶ ቀሩ። ገዥው በማግስቱ መድኃኒቱ በሽታውን ይከላከላል ማለታቸው እንዳልሆነ አስረዱ። ለምርመራ የተወሰደው ከተጉመጠመጡት ሰዎች አፍ የወጣ ምራቅ ነበር። የታጠበ አፍ ውስጥ ቫይረስ ቢያንስ ምን ይገርማል?

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ በ2005 የታተመው የጃፓኖች ጥናት ነው። 387 ጤነኛ ሰዎች በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ክፍል በተራ ውሃ፣ ሌላው በፖቪዶን አዮዲን ተጉመጠመጠ፣ ሦስተኛው እንደ ልማዱ ቀጠለ። በተራ ውሃ የተጉመጠመጡት ላይ ጉንፋን በ36 በመቶ ቀነሰ። በመድኃኒቱ የተጉመጠመጡት ግን ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኙም። ጥናቱ አንድ ብቻ ነው፣ ስለ ኮሮናም አይደለም፤ ቢሆንም ለመጉመጥመጫ ገንዘብ የሌለው ሰው ምንም እንዳልቀረበት ያሳያል።

እኔን የሚያሳስበኝ መዘናጋቱ ነው። አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ እናስብ። ጉንፋን የያዛት ጎረቤት «አፌን ታጥቤ ነው የመጣሁት» ብላ ሕፃኑን ታቅፋ ትስማለች። ለእሷ ቀላል የሆነው ጉንፋን የአንድ ወር ሕፃን ላይ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። እናቶች ሆይ፣ የሚያስለውን ሰው «ሲሻልሽ ነይ» ማለት ነውር አይደለም። በጎ ፈቃደኞችም ቤት ለቤት ስትዞሩ ይህን ተናገሩላቸው፤ አራሷ ራሷ ለመናገር ታፍራለችና።

ቤታችሁ ያለውን ጠርሙስም ተመልከቱ። ለቁስል የሚሰጠው ቤታዲን 10 በመቶ ነው፤ ለአፍ የሚሆነው 1 በመቶ ብቻ ነው። የቁስሉን ለመጉመጥመጫ አታድርጉት። እንቅርት ወይም ሌላ የታይሮይድ ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ለአፍ የተሠራውንም ቢሆን የጤና ባለሙያ ሳያማክሩ አይጠቀሙ። ትንንሽ ልጆች ስለሚውጡት አይሰጣቸውም። በረኪና በምንም ዓይነት አፍ ውስጥ አይገባም። ጉሮሮ ለከረከረው ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ መጉመጥመጥ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ቫይረሱን ግን አይገድልም።

የሚያስለው ሰው ማስክ ያድርግ፣ ወይም አፍና አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ ይሸፍን። ሀቡብ ካልነሳ በስተቀር መስኮትና በር ይከፈት። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ከዚሩ ውሃ ሁሉም በአንድ ኩባያ እየተቀባበለ አይጠጣ፤ የየራሱን ኩባያ ይያዝ። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ (ከ2 ወር በታች በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40)፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም መጥባት ካቃተው በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ኩፍኝም በትንፋሽ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲፈነዳ ብዙ ስደተኞች ወደ ነጭ ዓባይ ግዛት ሸሹ። ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ በዚያ ባሉ ዘጠኝ ካምፖች ከ1,200 በላይ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ ኩፍኝ ነው ተብሎ በተጠረጠረ ወረርሽኝና በምግብ እጥረት ሞቱ። ለኩፍኝ መከላከያው ክትባት ነው፤ የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ18 ወር ይሰጣል። በሽሽት ላይ የክትባት ካርዱ የጠፋባችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከዚህ በፊት ተከትቦ ቢሆን እንኳ ደግሞ መከተቡ አይጎዳውም።