ከሽንፋ አፈር የቶባን አመድ ለይቶ ማውጣት

በመተማ ቆላ፣ በሽንፋ ወንዝ አጠገብ፣ ሽንፋ-መተማ 1 የተባለ ጥንታዊ የሰፈራ ስፍራ አለ። በጆን ካፕልማን መሪነት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2024 «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት የወጣው ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በዚያ የነበሩ ሰዎች ከ74,000 ዓመታት ገደማ በፊት በሱማትራ የፈነዳውን የቶባ እሳተ ገሞራ ዘመን ተቋቁመው አልፈዋል፤ አየሩ ሲደርቅም ከቀድሞው ይልቅ ዓሣ አብዝተው ተመግበዋል። «በፊት» እና «በኋላ» የተለዩት ግን በዓይን በማይታዩ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ስባሪዎች ነው።

እንዲህ ያለው ናሙና የሚዘጋጅበት መንገድ የባሕር ፕላንክተን አጥኚዎች ከለመዱት ብዙ አይርቅም፤ ማጠብ፣ ማጥለል፣ በስላይድ ላይ ማኖር ነው። የሚለየው በሚፈለገው ነገር ነው። የፎራሚኒፌራን የኖራ ቅርፊት የሚያጠና ሰው አሲድን ከናሙናው ያርቃል፤ አመድ ፈላጊው ግን ኖራው እንዲሟሟለት ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሆን ብሎ ይጨምርበታል። ከዚያ አፈሩ በረቂቅ ወንፊት ይነፋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 80 ማይክሮ ሜትር የሆነው ክፍል ይያዛል።

ዋናው ሥራ ማንሳፈፍ ነው። ሶዲየም ፖሊተንግስቴት የተባለው ጨው በውኃ ሲሟሟ እጅግ ከባድ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በሴንቲ ሜትር ኩብ 2.0 ግራም ገደማ እንዲመዝን ሲደረግ አብዛኛው የዳያቶም ቅርፊትና የዕፅዋት ቅሪት ተንሳፎ ይወገዳል። ወደ 2.5 ግራም ከፍ ሲደረግ ደግሞ ብርጭቆው ይንሳፈፋል፤ 2.65 የሚመዝነው ኳርትዝ ይዘቅጣል።

በማይክሮስኮፕ ሥር፣ በተሻገሩ ፖላራይዘሮች መካከል፣ ኳርትዝ ስላይዱ ሲዞር ይበራል፣ ይጨልማል፤ ብርጭቆ ግን ምንጊዜም ጨለማ ነው። ዳያቶምም እንዲሁ ስለሚጨልም፣ ከማንሳፈፉ ያመለጠ ካለ በቅርጹ ይለያል፦ ዳያቶም በሥርዓት በተደረደሩ ቀዳዳዎቹ፣ ብርጭቆው የፈነዳ አረፋ ግድግዳ በመምሰሉ፣ ጎባጣና ስለታም በሆነው ጠርዙ።

ይህ ሁሉ ብርጭቆ መሆኑን እንጂ የቶባ መሆኑን አይናገርም፤ የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎችም ብርጭቆ አላቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ስባሪ በጥሩ መርፌ ተለቅሞ፣ በሙጫ ተቀብሮና ተወልውሎ፣ ኬሚካዊ ይዘቱ በኤሌክትሮን ጨረር ይለካል። ስባሪዎቹ ጥቂት በመሆናቸው ከሌላ ናሙና በወንፊት የተዛመተ አንድ ቅንጣት እንኳ ዘመኑን ሊያዛባ ይችላል። ለዚህም፣ በእኔ ግምት ጀማሪዎች ቶሎ የሚሰለቹት ጥንቃቄ፣ አመድ የሌለበት ባዶ ናሙና ጎን ለጎን በየደረጃው ያልፋል። በእርሱ ላይ ብርጭቆ ከታየ ሥራው ከማጠቡ እንደገና ይጀመራል።