ግብሩ ቀረ፣ እኩሉ ግን አልቀረም

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው የደቡቡን ጭሰኛ ነው። ከምርቱ እኩሉን ወይም ሲሶውን ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር፤ አዋጁ ኪራዩንም ለጌታው የነበረበትን ግዴታም በአንድ ቀን ሻረለት።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ታሪኩ ሌላ ነው። የአካባቢው ገበሬ እንደ ቀረው በጌምድር በአብዛኛው ባለርስት ነበር፤ በትውልድ ቆጥሮ የደረሰውን መሬት ያርሳል። የከበደው ከርስቱ በላይ የተጫነው ጉልት ነው። ባለጉልቱ፣ ሹምም ይሁን ደብር፣ ግብር ይቀበላል፣ ሁዳዱን ያሳርሳል። ጉልት በሕግ የቀረው ከአብዮቱ አስቀድሞ፣ በ1958 ዓ.ም. ነበር። በ1960 አሥራት በእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ ግን ጎረቤቱ ጎጃም አመፀ፤ ገበሬው መሬቴ ተለክቶ ርስቴን ልነጠቅ ነው ብሎ ሰግቶ ነበርና።

ስለዚህ በዚህ አገር የ1967ቱ አዋጅ ትልቁን ጥቅም የሰጠው ርስት ለማይወርሰው ነው። የሰው ርስት በጭሰኝነት ያርስ የነበረው ሙስሊም፣ ሸማኔና ቀጥቃጭ በገበሬ ማኅበር በኩል ማሳ አገኘ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የአዋጁን ስህተቶች ስንዘረዝር ልንዘነጋው አይገባም።

ስህተቶቹም ከባድ ነበሩ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ቢፈቅድም መሸጥን፣ ማስያዝንና ማከራየትን ከለከለ። ባለጉልቱ በሄደበት ቦታ መንግሥት ራሱ ተተካ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያ ባነሰ ዋጋ የኮታ እህል ይሰበስብ ነበር፤ ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል። ይህ በሌላ ስም የተከፈለ ግብር ነው፤ የቀረውም በ1982 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ ኪራይ ተፈቅዷል፤ የይዞታ ደብተርም የባልና የሚስትን ስም ይዞ ወጥቷል። እኩል አራሽነት ግን እንደገና ተንሰራፍቷል፤ አሁን ደግሞ ተገልብጦ። መሬት ያላት መበለት ወይም አዛውንት በሬ የላቸውም፤ በሬ ያለው ጎልማሳ ደግሞ መሬቱ አይበቃውም። ባለመሬቷ ድሃ፣ አራሹ የተሻለ ኑሮ ያለው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ድርሻው የሚወሰነው በእጥረት ነው። መሬት ሲጠብ ባለመሬቱ እኩል ይጠይቃል፤ በሬና ጉልበት ሲጠፋ ሲሶ ወይም እርቦ ይዞ ይመለሳል። በድርቅ በሬ በሚያልቅበት በስማዳ ቆላ፣ ወደ በሽሎና ዓባይ በሚወርደው አገር፣ ይህ የዕለት እውነት ነው። ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ጀምሮ በሴፍቲኔት የታቀፉ ወረዳዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ስምምነቱ ግን በአብዛኛው በቃል ነው። አዛውንቱ የቃል ውል የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1967 ያከራየ ሰው መሬቱ ላራሹ ተሰጠበት፤ በ1989 ደግሞ በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ድልድል ከብዙዎች ይዞታ ቀነሰ። ያከራየሁት ማሳ ነገ የአራሹ ይሆናል የሚለው ፍርሃት የኖሩበት ትምህርት ነው። አራሹም በበኩሉ ለከርሞ የማይተማመንበትን ማሳ አያዳብርም፣ እርከን አይሠራበትም። ጉዳቱ የሁለቱም ነው፤ አፈሩ ደግሞ ከሁለቱም በላይ ይጎዳል።

እንደ እኔ እምነት መንግሥት እኩልን እንደ ፊውዳል ቅሪት መጠርጠሩን ትቶ እንደ ውል ሊጠብቀው ይገባል። የቀበሌ መሬት አስተዳደር የድርሻ ውሎችን በነፃ ይመዝግብ፤ ያከራየ ሰው ይዞታውን እንደማያጣ በጽሑፍ ያረጋግጥለት። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ተተኪ የሆነው ፀደይ ባንክ ደግሞ ለበሬ መግዣ የሚሆን፣ ክፍያው ከመኸር በኋላ የሚጀምር ብድር ለመበለቶች ያቅርብ። ሥራው ከዘንድሮው የእርሻ ወቅት በፊት ይጀመር።